ቁስልን መናገርና ገመናን መሸጥ

ሰው የደረሰበትን በደል የመናገር መብት አለው። የሌላውን ገመና የመጠበቅ ግዴታም አለበት። እነዚህ ሁለቱ ለየብቻ ሲነገሩ የሚጋጩ አይመስሉም፤ በኑሮ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ በአንድ አፍ ላይ ይገናኛሉ። የተበደለ ሰው በደሉን ልናገር ሲል የሌሎችን ስም ማንሳቱ አይቀርም። የሌሎችን ነውር ለማውራት የቸኮለ ሰውም «እኔ የደረሰብኝን ነው የምናገረው» ብሎ ይጀምራል። ታዲያ ተናጋሪውም ሆነ ሰሚው አንደኛውን ከሌላኛው በምን ይለየዋል?

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ጥያቄ ለመመርመር ከአሜሪካ የቴሌቪዥን ዓለም የወጣ አንድ መጽሐፍ ምሳሌ አድርገን እንውሰድ። የመረጥነው ነገሩ ሩቅ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የብዙ ሰዎች ንግግር መጨረሻው ሳይታወቅ ይቀራል፤ የዚህ መጽሐፍ ጉዳይ ግን ከመነሻው እስከ ፍጻሜው በአደባባይ የታየ ነው። ተጻፈ፣ ተሸጠ፣ ባለቤቱ ራሱ ካደው፣ ይቅርታም ጠየቀበት፤ ከዚያም ሰውየው ሞተ። መጽሐፉ ግን አለ።

በዚያ አገር በልጅነታቸው በቴሌቪዥን ላይ ያደጉ ሰዎች፣ ከፍ ሲሉ «ያልተነገረውን ሁሉ» የሚናገር የሕይወት ታሪክ ማሳተማቸው የተለመደ ነው። አሳታሚዎች ለእንዲህ ዓይነቱ መጽሐፍ ገንዘብ ይከፍላሉ። በውስጡ የታወቁ ስሞችና የተደበቁ ነውሮች በበዙ ቁጥር ገዢው ይበዛል። ስለዚህ ተናጋሪው ገና አፉን ሳይከፍት፣ ምን ቢናገር እንደሚሻል የሚነግረው ገበያ ከፊቱ ቆሟል።

የደወሉ ልጅ

ደስቲን ዳይመንድ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። የ11 ዓመት ልጅ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1988፣ ስለ አንዲት መምህርትና ስለ ተማሪዎቿ በሚተርክ የዲዝኒ ጣቢያ ተከታታይ ፊልም ላይ መሥራት ጀመረ። ያ ፊልም ብዙም ሳይቆይ ተቋረጠ። በ1989 ግን ኤን.ቢ.ሲ. የተባለው ጣቢያ አቀራረቡን ለውጦ «ሴቭድ ባይ ዘ ቤል» በሚል ስም ቀጠለው። ርዕሱ በጭንቅ ሰዓት በተደወለ የትምህርት ቤት ደወል መዳንን ያመለክታል። ፊልሙ ቅዳሜ ጧት እየቀረበ እስከ 1993 ድረስ በአፍላ ወጣቶች ዘንድ እጅግ ተወዳጅ ሆነ።

በፊልሙ ውስጥ ሌሎቹ ልጆች መልከ መልካም፣ ብልጥና በሁሉም የሚፈለጉ ሆነው ይታያሉ። የዳይመንድ ድርሻ «ስክሪች» የተባለው ሞኛሞኝ ልጅ ነበር። ድምፁ የሚሰነጠቅ፣ የሚደናቀፍ፣ ሁሉም የሚስቅበት ልጅ ነው። አብረውት የሚሠሩት ተዋንያን በዕድሜ ወደ ሦስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይበልጡታል። በጎልማሶች መካከል የሦስት ዓመት ልዩነት ምንም አይደለም። በ12 ዓመት ልጅና በ15 ዓመት ጎረምሳ መካከል ግን ትልቅ ገደል ነው። ልጁ ከካሜራው ፊት የጓደኞቹ መሳቂያ ነበር፤ ከካሜራው ጀርባም የትልልቆቹ ወግ የማይደርሰው ታናሽ ሆኖ ቀረ።

ከጊዜ በኋላ ሌሎቹ ያንን ፊልም ትተው ወደ ሌላ ሥራ ሲሄዱ፣ እርሱ በስክሪች ስም በተከታዮቹ ፊልሞች እስከ 2000 ድረስ ቆየ። ከ11 ዓመቱ እስከ 23 ዓመቱ ማለት ነው። ሌላው ልጅ ማንነቱን በሚሠራበት ዕድሜ እርሱ የተሠራለትን ስም ተሸክሞ ኖረ። ሥራው ሲያበቃ ሰው በመንገድ ሲያገኘው የሚጠራው በዚያው ስም ነበር። በ2006 ቤቱ በባንክ ዕዳ ሊወሰድበት ሆነና የራሱ ምስል ያለበት ካኔተራ እየሸጠ ዕዳውን ለመክፈል ሞከረ።

በ2009፣ የ32 ዓመት ሰው ሆኖ፣ «ቢሃይንድ ዘ ቤል» ማለትም «ከደወሉ በስተጀርባ» የተባለ መጽሐፍ በስሙ ወጣ። መጽሐፉ የቀድሞ ባልደረቦቹን በአደንዛዥ ዕፅና በብልግና የሚከስ ነበር። ማን ከማን ጋር ምን አደረገ የሚለውን ዝርዝር እዚህ አንደግመውም። ብንደግመው የምንመረምረውን ነገር እኛው ራሳችን መሥራታችን ነው።

አራት ዓመት ቆይቶ፣ በ2013፣ በኦፕራ ዊንፍሬይ ጣቢያ በቀረበ ፕሮግራም ላይ መጽሐፉን በእርግጥ የጻፈው እርሱ እንዳልሆነ ተናገረ። ቃሉን የሰበሰበው ቅጥር ጸሐፊ እንደነበረ፣ እርሱ ያነሳው ነገርም ተለጥጦ እንደቀረበ ገለጸ። በ2014 የዚያ ፊልም ልጆች ታሪክ እንደገና በቴሌቪዥን ፊልም ተሠርቶ ታየ። በ2016 ደግሞ ከቀድሞ ባልደረቦቹ አንዱ ከሆነው ከማርዮ ሎፔዝ ጋር በቴሌቪዥን ፊት ለፊት ተቀምጦ ይቅርታ ጠየቀ። እ.ኤ.አ. የካቲት 1 ቀን 2021 በሳንባ ካንሰር በ44 ዓመቱ ሞተ።

እውነት ከሆነስ?

ስለ ሰው ነውር የተናገረ ሰው ሲወቀስ ፈጥኖ የሚያቀርበው መከላከያ «እውነቱን ነው የተናገርኩት» የሚል ነው። ይህ መልስ ለብዙዎቻችን የሚያረካ ይመስላል። የሚያስጠይቀው ውሸት ብቻ ነው ብለን እናስባለንና።

ነገር ግን በመድረሳ የተቀመጠ ልጅ ሁሉ ገና በጧቱ የሚማረው ልዩነት አለ። ስለ አንድ ሰው እርሱ ቢሰማው የሚጠላውን ነገር በሌለበት ማንሳት፣ ነገሩ በእርሱ ላይ ያለ ከሆነ ሐሜት ነው። ነገሩ በእርሱ ላይ ከሌለ ደግሞ ቡህታን፣ ማለትም ቅጥፈት ነው። እንግዲህ እውነት መሆኑ ተናጋሪውን ከቡህታን ያወጣዋል እንጂ ከሐሜት አያወጣውም። የነገሩ እውነተኛነት ጥያቄውን አይዘጋውም። የሚቀጥለውን ጥያቄ ያስነሳል፤ ይህን እውነት እንድትናገር ያስገደደህ ምን ጉዳይ ነው?

በዳይመንድ መጽሐፍ ላይ ይህን ጥያቄ ብናቀርብ መልሱ አስቸጋሪ ይሆናል። የ12 ዓመት ልጅ ትልልቆቹ አግልለውት ከሆነ ያ የእርሱ ቁስል ነው። በሥራ ቦታው አንድ ጎልማሳ ጠፍቶ የሚጠብቀው አጥቶ ከሆነ ያም የእርሱ ቁስል ነው። በአንድ ስም ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ታስሮ መኖሩ፣ ከዚያም ያ ስም እንጀራ መሆኑን ሲተው የሚይዘው ማጣቱ፣ ይህ ሁሉ ሊነገር የሚገባና ወላጆችን የሚያስተምር ታሪክ ነበር። መጽሐፉ ግን የታወቀው በዚህ አይደለም። የታወቀው ሌሎች ልጆች በ15 እና በ17 ዓመታቸው ሠሩት በተባለው ነገር ነው። እነዚያም ያኔ ልጆች ነበሩ። እርሱን በልጅነቱ ሳያድግ ለገበያ ያቀረበው ዓለም እነርሱንም አቅርቧቸዋል። ከሃያ ዓመት በኋላ ደግሞ የልጅነታቸውን ስህተት፣ እውነትም ይሁን ውሸት፣ ለሁለተኛ ጊዜ ለገበያ አወጣባቸው።

የሌላ ሰው ብዕር

የዚህን መጽሐፍ ጉዳይ ከተራ ሐሜት የሚያከብደው ሌላ ነገር አለ። ባለቤቱ «እኔ አልጻፍኩትም» አለ። በአሳታሚዎች ዓለም በሌላ ሰው ስም የሚጽፍ ቅጥር ጸሐፊ መያዝ እንደ ነውር አይቆጠርም። ባለታሪኩ በቃሉ ይናገራል፣ ጸሐፊው ያቃናል፣ በሽፋኑ ላይ የባለታሪኩ ስም ይወጣል። ሰው የመጻፍ ችሎታ ስለሌለው ሌላው ቢረዳው በራሱ ክፋት የለውም። በአገራችንም ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ደብዳቤውን ወይም አቤቱታውን በሌላ እጅ ሲያስጽፍ ኖሯል። አዋቂው ደብዳቤ ጸሐፊ ግን ከመታተሙ በፊት ያነብለታል። «ይህ ቃልህ ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል። አስፈራሚው አውራ ጣቱን የሚያሳርፈው ከዚያ በኋላ ነው።

ምስክርነት ማለት ያየኸውን፣ በሰማኸውና ባወቅኸው ልክ መናገር ነው። ቤት የሚሠራልህ፣ ልብስ የሚሰፋልህ ሰው መቅጠር ትችላለህ፤ የሚመሰክርልህ ሰው ግን አትቀጥርም። ስለ ሰዎች ክብር የሚናገር ቃል በስምህ ሲወጣ፣ እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ያንተ ምስክርነት ነው። አንድ ሰው ስለ ሌላው በግማሽ ትዝታ፣ በጥርጣሬ ወይም በቀልድ ያነሳውን ነገር ቅጥር ጸሐፊ ወስዶ እንደ ተረጋገጠ ነገር ቢጽፈው፣ ሐሜት ወደ ቡህታን የሚሻገርበት ድልድይ ያ ነው። ድልድዩን የሠራው ጸሐፊው ቢሆንም በላዩ ላይ የተለጠፈው ስም ያንተ ነው።

ስለዚህ «የጻፈው ሌላ ነው» የሚለው ቃል ሰውየውን ከአንድ ጥፋት ሊያወጣው ሲሞክር በሌላ ጥፋት ውስጥ ይተወዋል። ስሙን በማያውቀው ወይም ባላጣራው ነገር ላይ አስቀምጧልና። እኛስ ብንሆን? በስማችን የሚወራውን፣ «እከሌ እንዲህ አለ» ተብሎ የሚተላለፈውን ቃላችንን ተከታትለን የምናቃናው ስንት ጊዜ ነው? አንድ ነገር በጨዋታ መሐል ጣል እናደርጋለን፤ ሌላው አሳድጎ ያወራዋል። እኛም ወሬው ሲደርሰን «እኔ እንዲህ አላልኩም» ብለን ዝም እንላለን። ወዳወራንበት ሰው ሄደን ግን አናቃናውም።

የተከፈቱት በሮች

እንግዲህ ሰው ስለ ሌላው ጥፋት ፈጽሞ አይናገር ማለት ነውን? አይደለም። የሐሜትን ክልክልነት ያስተማሩት ዑለማዎች ራሳቸው ክልክልነቱ የሚነሳባቸውን ቦታዎች ለይተው አስቀምጠዋል። በሒጅራ አቆጣጠር በ676 ያረፉት ኢማም አን-ነወዊ «ሪያዱ-ሷሊሒን» በተባለው ኪታባቸው ስድስት ሁኔታዎችን ይዘረዝራሉ። የመጀመሪያው የተበደለ ሰው ለዳኛ ወይም በደሉን ማስወገድ ለሚችል ባለሥልጣን አቤት ሲል ነው። ሁለተኛው መጥፎን ነገር ለማስቆም ከሚችል ሰው እርዳታ መጠየቅ ነው። ሦስተኛው ፈትዋ ለመጠየቅ ነው። አራተኛው ሰዎችን ከጉዳት ማስጠንቀቅ ነው፤ ስለ ትዳር ወይም ስለ ሥራ ሽርክና ምክር የተጠየቀ ሰው የሚያውቀውን ጉድለት እንደሚናገረው ማለት ነው። አምስተኛው ጥፋቱን በግልጽ የሚሠራን ሰው በዚያው በገለጸው ጥፋት ማንሳት ነው። ስድስተኛው ሰውየውን ለመለየት ያህል በታወቀበት ቅጽል መጥራት ነው።

እነዚህን ስድስቱን ያስተዋለ ሰው የሚያገናኛቸውን ነገር ያያል። በሁሉም ዘንድ ያለ ንግግሩ የማይፈጸም ትክክለኛ ጉዳይ አለ። ንግግሩም በዚያ ጉዳይ ልክ ይለካል። ለዳኛ የሚነገረው ለመንደር አይወራም። ስለ ትዳር የተጠየቀ ሰው ትዳሩን የሚነካውን ብቻ ተናግሮ ያቆማል። ጥፋቱን በግልጽ የሠራ ሰውም ቢሆን የሸፈነው ሌላ ገመና አይገለጥበትም። ታዋቂ መሆንም ጥፋትን በግልጽ መሥራት ማለት አይደለም። ፊቱን ሕዝብ ሁሉ የሚያውቀው ተዋናይ ቤቱ በር አለው።

ሌላ መጽሐፍ

አሁን ደግሞ ከዳይመንድ መጽሐፍ ጎን ሌላ መጽሐፍ እናስቀምጥ። ጄኔት ማከርዲ «አይ ካርሊ» በተባለው የኒኬሎዲዮን ጣቢያ የታዳጊዎች ፊልም ከ2007 እስከ 2012 የሠራች ናት። በነሐሴ 2022፣ በ30 ዓመቷ፣ የሕይወት ታሪኳን አሳተመች። ትወናን የጀመረችው በስድስት ዓመቷ ነው፤ የፈለገችው እርሷ ሳትሆን ተዋናይ የመሆን ምኞቷ ሳይሳካ የቀረ እናቷ ነበረች። 11 ዓመት ሲሞላት ሰውነቷ እንዳያድግና ልጅ መስላ እንድትቀጥል እናቷ ምግብ እየቆጠሩ መቀነስን አስተማረቻት። ከዚያ በኋላ ከምግብ ጋር የነበራት ጠብ ለብዙ ዓመታት በሽታ ሆኖባት ቆየ። እናቷ በ2013 በካንሰር ሞተች። ልጅቷም በኋላ ትወናን ጨርሳ ተወች።

የዚህ መጽሐፍ ርዕስ እናቷ በመሞቷ መደሰቷን የሚናገር ነው። ይህ ርዕስ በእኛ ቤት ያደገን ሰው ሁሉ ያስደነግጣል። የወላጅን ሐቅ፣ በተለይም የእናትን፣ ከሁሉ በላይ እንድናከብር ተምረናል። የሞተን ሰው በመልካም እንድናነሳም ተምረናል። ይህን ድንጋጤያችንን ልንተወው አይገባም፤ ትክክለኛ ድንጋጤ ነው። ነገር ግን ድንጋጤው ከርዕሱ አልፎ ልጅቷ ያለችውን እንዳንሰማ ሊከለክለን አይገባም። የ11 ዓመት ልጅ እንድትራብ የተማረችው ከእናቷ ከሆነ፣ ለማን አቤት ትበል? የአቤቱታ የመጀመሪያዋ በር እናት ናት፤ በሩ ራሱ ግን ቁስሉ ነበር።

በሁለቱ መጻሕፍት መካከል ያለውን ልዩነት ልብ እንበል። ማከርዲ በዋናነት የጻፈችው በራሷ ላይ ስለተፈጸመው ነገር ነው። የራሷን ደካማ ጎን ከሌሎቹ ይልቅ ትገልጣለች። በሥራ ቦታዋ አላግባብ ይቀርባት ስለነበረ አንድ ባለሥልጣን ስትጽፍ ስሙን ሳትጠራ በሥራው መጠሪያ ብቻ ታልፈዋለች። በጣቢያው ስላሳለፈችው ነገር በአደባባይ እንዳትናገር 300,000 ዶላር እንደቀረበላትና እምቢ እንዳለች ጽፋለች። አንዱ ለመናገር ተከፈለው፤ ሌላዋ ለዝምታ የቀረበላትን ገንዘብ መለሰች። የእርሷም መጽሐፍ በገንዘብ የተሸጠ ነው፤ ይህን አንሰውርም። ግን መጽሐፉን ያነበበ ወላጅ ከዘጋው በኋላ የሚያስበው ስለ ራሱ ልጅ ነው። የዳይመንድን መጽሐፍ ያነበበ ሰው የሚያስበው ስለ ታዋቂ ሰዎች ነበር።

አንድ ሦስተኛ ነገር እንጨምር። ከዚያው ጣቢያ ልጆች መካከል አንዱ በንግግር አሠልጣኙ ከባድ ወንጀል ተፈጽሞበት ነበር። ልጁ ለቤተሰቡና ለፖሊስ ተናገረ። አሠልጣኙም በ2004 ተፈርዶበት ታሰረ። በችሎቱ የልጁ ስም አልተገለጠም፤ ባለቤቱ ራሱ በ2024 በቀረበ ዘጋቢ ፊልም ላይ ወጥቶ እስኪናገር ድረስ ለሃያ ዓመት ተሸፍኖ ኖሯል። በዚህ ውስጥ መሸፈን የሚለው ቃል ትክክለኛ ቦታውን አግኝቶ እናየዋለን። የተሸፈነው የተጎጂው ስም ነው፤ የተገለጠው ደግሞ ወንጀሉ ነው፤ የተገለጠውም ሊፈርድ ለሚችል አካል ነው።

ይህን የምናነሳው «ገመናን መሸፈን» የሚለው ታላቅ ምግባር አንዳንድ ጊዜ በተገላቢጦሽ ስለሚሠራበት ነው። አንድ ሰው ተሰናክሎ በራሱና በጌታው መካከል የሠራውን ስህተት መሸፈን ሲትር ነው። በሌላ ሰው ላይ፣ በተለይም በልጅ ላይ፣ በደል የሚፈጽምን ሰው መሸፈን ግን ምስክርነትን መደበቅ ነው። የመጀመሪያው ለተሰናከለው መመለሻ መንገድ ይተውለታል። ሁለተኛው ለበዳዩ ሌላ ተበዳይ ይጨምርለታል። በደልን «ነውር ነው፣ አይወራም» ብለን ስንውጥ የምናድነው ማንን እንደሆነ ቆም ብለን እንጠይቅ።

የ11 ዓመት ልጅ ቃል

በሁለቱም ታሪኮች ውስጥ 11 ዓመት የሚለው ዕድሜ መገኘቱ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ግን የሚያሳስብ ነው። ሁለቱም በ11 ዓመታቸው መናገር የነበረባቸውን በ30 እና በ32 ዓመታቸው ተናገሩ። ልጅ በ11 ዓመቱ ለሚያምነው ሰው ጆሮ የሚነግረው ነገር አቤቱታ ነው። የሚሰማው ካገኘ ሊታከም ይችላል። ሳይነገር ሃያ ዓመት የተቀመጠ ነገር ግን መልኩን ይለውጣል። አንዳንዱ መጽሐፍ ይሆናል፣ አንዳንዱ በሽታ ይሆናል፣ አንዳንዱ ደግሞ በሌሎች ላይ የሚወረወር ድንጋይ ይሆናል።

በአሜሪካ የልጅ ተዋንያንን ጥቅም ለመጠበቅ ሕግ ወጥቷል። ጃኪ ኩጋን እ.ኤ.አ. በ1921 ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር በሠራው ፊልም በዓለም የታወቀ ልጅ ነበር። አድጎ ገንዘቡን ሲጠይቅ ወላጆቹ አጥፍተውት አገኘ። በ1938 እናቱንና የእንጀራ አባቱን ከሰሰ፤ ከሠራው ሚሊዮኖች ውስጥ የደረሰው 126,000 ዶላር ገደማ ነበር። በዚህ ምክንያት በ1939 የካሊፎርኒያ ግዛት በስሙ የሚጠራውን ሕግ አወጣች። ከ2000 ጀምሮም ከልጅ ተዋናይ ገቢ 15 በመቶው እስኪያድግ ድረስ በተለየ ሒሳብ እንዲቀመጥለት ተደነገገ። ይህ መልካም ሥራ ነው፤ የየቲምን ገንዘብ አደራ የሚያውቅ ሰው ዋጋውን ይረዳዋል። ነገር ግን ሕጉ የልጁን ገንዘብ ሲጠብቅ የልጁን ቃል የሚሰማ ጆሮ ሊደነግግ አይችልም። ያ ከወላጅ የሚጠበቅ ነው።

ዛሬ ደግሞ ልጅን በሰው ፊት ለማቆም የቴሌቪዥን ጣቢያ አያስፈልግም። ስልክ የያዘ ወላጅ ሁሉ የልጁን ለቅሶ፣ ድንጋጤና ስህተት ቀርጾ ለማያውቃቸው ሰዎች ማሳየት ይችላል። የኢሊኖይ ግዛት ከሐምሌ 2024 ጀምሮ እንዲህ ባለው የቤተሰብ ቪዲዮ ገቢ ላይ የልጆችን ድርሻ የሚያስጠብቅ ሕግ ሥራ ላይ አውላለች። እኛም ገንዘብ ባናገኝበት እንኳ፣ ልጁ አልጋው ላይ መሽናቱን፣ በፈተና መውደቁን፣ ሲቆጣ ያለውን ነገር እያሳቅን ለሰው ስናሳይ የማን ገመና እያወጣን ነው? ልጅም ገመና አለው። ፈቃድ ሊሰጥ የማይችል ሰው ገመና ከሁሉም ይልቅ አደራ ነው።

በቤታችን ውስጥ ያለውን አነጋገርም እንመርምር። ልጅ «እዚያ ቤት አልሄድም» ሲል «እንዴት እንዲህ ትላለህ፣ ነውር ነው!» ከማለታችን በፊት ለምን እንደሆነ ጠይቀነው እናውቃለን? በእኛ ፊት የጎረቤትን ገመና ቡና እየጠጣን ስናወራ የሚሰማ ልጅ፣ የራሱን ቁስል ሊነግረን ሲመጣ አፉን እንይዘዋለን። እንዲህ ያደገ ልጅ የሚማረው የተገላቢጦሽ ትምህርት ነው። የሌላው ነውር ይወራል፤ የራስ ቁስል ግን አይነገርም ማለት ነው። የዳይመንድም መጽሐፍ ከዚህ የራቀ አይደለም።

ሰሚውስ?

ሐሜት ያለ ሰሚ አይቆምም። ዑለማዎችም ሰሚውን ከተናጋሪው ጋር ተካፋይ ያደርጉታል። ያንን መጽሐፍ ያስጻፈው ገዢ እንደሚገኝ መታወቁ ነው። ስለዚህ ወሬ ሲቀርብልን ለራሳችን የምናቀርበው ጥያቄ ሊኖር ይገባል። የሚናገረው ሰው ስለ ራሱ ቁስል ነው የሚነግረን ወይስ ስለ ሌላው ነውር? እኛ ልንረዳው የምንችለው ነገር አለ ወይ? ከሌለስ ወደሚረዳው ሰው ልንመራው እንችላለን? የተናገረውስ በጉዳዩ ልክ ነው ወይስ ከጉዳዩ አልፏል? የተበደለ ሰው ሲነግረን እስከ መጨረሻው እንስማው፤ ወሬ የሚሸጥልን ሰው ሲመጣ ግን አንግዛው።

ልንናገር ስንልም የመጨረሻው መለኪያ መመለስ መቻላችን ነው። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይባላል። ለአንድ ሰው የተነገረ ስህተት ለዚያው ሰው ሄዶ ይቃናል። የታተመ ነገር ግን የገዛው ሰው ማን እንደሆነ እንኳ አይታወቅም። ዳይመንድ በ2013 መጽሐፉን ሲክድ፣ በ2016 ይቅርታ ሲጠይቅ፣ በ2009 የገዙት ሰዎች ሁሉ አልሰሙትም። መጽሐፉን ያነበበ ሰው ይቅርታውን ላያነብ ይችላል። ይቅርታው ጥፋቱን ተከትሎ በሄደበት ሁሉ አይደርስለትም።

ስለዚህ ሰው የሕይወቱ ሌሎች ጥፋቶችም በጋዜጦች ተጽፈዋል። እነርሱን ማንሳት ከጉዳያችን ውጭ ስለሆነ አናነሳም። ለርዕሳችን የሚያስፈልገው ራሱ በአደባባይ ያወጣውና ራሱ በአደባባይ የመለሰው ብቻ ነው። በ2020 ያ የልጅነት ፊልማቸው እንደገና ሲጀመር የቀድሞ ባልደረቦቹ ተመልሰው ሲሠሩ እርሱ አብሯቸው አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት መሞቱ ሲሰማ ግን በመጽሐፉ ስማቸው የተነሳው ሰዎች ኀዘናቸውን በይፋ ገለጹ፤ በመልካምም አነሱት። ስለ እርሱ የሚያውቁት ነገር ጠፍቶባቸው አይመስልም። አብረው ልጅ ነበሩና።

አላህ ምላሳችንንና ብዕራችንን ይጠብቅልን። ልጆቻችን ቁስላቸውን የሚነግሩን፣ እኛም የምንሰማቸው ያድርገን። አላህ ይበልጥ ያውቃል።